እንቅፋት፦ የመምህሩ ሪዝ

የዕቅድ ደብተሬ ቆንጆ ነበር። ይህን ስናገር አላፍርም። ሰኞ ጠዋት ሁላችንም የሳምንቱን የትምህርት ዕቅድ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ስናስረክብ የእኔ ደብተር ከክምሩ መሃል ከሩቅ ይለያል፤ ርዕሱ በቀይ፣ ዓላማው በሰማያዊ፣ መስመሩ በማስመሪያ። ወደ ጭሮ የሚመደቡ አዳዲስ መምህራን ዕቅድ ምን እንደሚመስል እንዲያዩ ተብሎ ይሰጣቸው ነበር። ያልተነገራቸው ነገር ቢኖር ያ ደብተር ካለፈው ዓመት ደብተር የተገለበጠ መሆኑ ነው፤ ያለፈው ዓመቱም ከዚያ በፊት ከነበረው። እኔ የምቀይረው ቀኑን ብቻ ነበር።

ከሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ "ልዩ ድጋፍ ለሚሹ ተማሪዎች" የምትል ጠባብ ዓምድ አለች። እዚያ የምጽፈው ሁለት ቃል ነው፤ "ከፊት ይቀመጣሉ።" ዓይኑ ለደከመም፣ ጆሮው ለከበደም፣ ቤቱ ኦሮምኛ ብቻ ሲነገር አድጎ አማርኛው ገና ላልተፍታታለትም ልጅ መድኃኒቱ አንድ ነበር። የጻፍኩትን ሁሉ ባደርገው ኖሮ የክፍሉ ግማሽ ጭኔ ላይ ይቀመጥ ነበር። ምክትሉ ሳያነብ ይፈርማል። እንደማያነብ አውቃለሁ፤ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። በዚህ ተስማምተን ብዙ ዓመት ኖርን።

ካቻምና ስምንተኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ ከማስተምራቸው ልጆች መካከል አንዲት ልጅ ነበረች። በሕፃንነቷ ጆሮዋን ታማ መስማቷ በጣም ደክሟል። አባቷ ሲያስመዘግባት አደራ ብሎኝ ስለነበር ቃሌን አክብሬ ከሰሌዳው ሥር፣ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት አስቀመጥኳት። ትምህርቱን ስጨርስ ወደ እሷ ጎንበስ ብዬ "ገባሽ?" እላለሁ። አንገቷን ትነቀንቃለች። እኔም ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። ፈተና ሲመጣ ግን ወረቀቷ ባዶ ነው፤ ወይም የተሳሳተ ነው። ሰነፍ ናት ብዬ ደመደምኩ። ይህን ቃል በልቤ ብቻ አላስቀረሁትም፣ ለመምህራንም ተናግሬዋለሁ።

አባቷ በቦኬና በጭሮ ገበያ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ውጤት በወጣ ሰሞን መጥቶ ከመምህራን ማረፊያው በር ላይ አስጠራኝ። እንደ ብዙ የአገሬው ሰው አማርኛ ሲናገር አንተና እርስዎ ብዙ አያስጨንቀውም፤ አክብሮቱ ድምፁ ውስጥ ነው።

"ባርሲሳ" አለኝ፤ መምህር ማለቱ ነው። "ልጄ ከዚህ ስትመለስ አንገቷን ደፍታ ነው የምትገባው። ወላሂ ሱቅ ውስጥ እንደዚህ አይደለችም። ጨርቅ ስትለካ አትሳሳትም፣ ሰው ታስቃለች። እዚህ ምን ታደርጋለች? ቦኬ እህቴ ጋ ትሂድና ሱቅ ትያዝ።"

ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ክልላዊ ፈተና አለ፣ ትንሽ ታገሰኝ አልኩት።

"እሺ፣ እስከ ሴሚስተሩ ፈተና። ከወደቀች ግን አትለምነኝ። ልጄ ስታፍር ማየት ሰልችቶኛል።"

ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁ አንገቷን ስትደፋ ማየት ያቃተው አባት ነበር። ለዚህም ነው ቀጠሮውን የተቀበልኩት።

በዚያው ወር ዕቅድ በኢንተርኔት ይዘጋጅ የሚል መመሪያ መጣ። ሁለት ሁለት ሆነን አንድ ድረ ገጽ ላይ ገብተን፣ እዚያው ሞልተን፣ ፕሪንት ተደርጎ ይፈረማል ተባለ። እኔ ደብተሬን አቅፌ ቀረሁ። ስልኬ የምትሠራው ለመደወልና ሰዓት ለማየት ነው። ያጣመሩኝ ደግሞ የሌላውን ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ከምታስተምር ወጣት መምህርት ጋር ነበር፤ በዚያው ዓመት ከመቻራ ወገን ተዛውራ የመጣች፣ ሒጃቧን በመርፌ ቁልፍ አጥብቃ የምትለብስ፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። እንደ ልጄ ናት። እሷ ልታስተምረኝ ነው ብዬ ስቄ ነበር።

ኋላ ከሌሎች እንደሰማሁት፣ እዚያ ገጠር ስታስተምር ኔትወርክ የሚገኘው ከቡናው ማሳ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ስልኳን ይዛ ትወጣለች። ይህንኑ ድረ ገጽ ከፍታ፣ ዕቅድ ለሚያወጣ መምህር የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች አንብባ፣ የሚጠቅማትን በእጇ ገልብጣ ትወርዳለች። እጁ ብዕር ለማይዝለት አንድ ልጅ መልሱን በቡና ፍሬ ደርድሮ እንዲያሳይ ያደረገችው እንዲህ ወጥታና ወርዳ ነው። ያዘዛት ሰው አልነበረም። እኔ በዚያን ጊዜ ቀን እየቀየርኩ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ላፕቶፑን ከፍታ፣ ኔትወርኩን ከስልኳ እየሰጠች፣ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ የክፍልዎን ልጆች አንድ በአንድ ይንገሩኝ።"

"ስልሳ ሁለት ናቸው። ሲመሽብሽ ማን ይሸኝሻል?"

"ከመቻራ እስከዚህ በቡና ጭነት አይሱዙ ነው የመጣሁት። ከዚህ እስከ ቤቴ አይጠፋኝም።"

ድረ ገጹ ጥያቄ ይወዳል። በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ እሷ ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች። ከዚህ ትምህርት ውጭ ሊቀር የሚችለው ማን ነው? ለምን? ካልሞላህ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍህም። የለመድኩትን ነገርኳት፤ "ከፊት ይቀመጣሉ" ብላ ጻፈች። ወዲያው ሌላ ጥያቄ መጣ። ይህ ልጁን በምን ይረዳዋል? በሕይወቴ ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ኮምፒውተር ነው እንዴ የሚመረምረኝ ብዬ ተነጫነጭኩ። እሷ ግን እየጠበቀችኝ ነበር፤ ጣቷ ፊደሎቹ ላይ እንዳለ።

ስለዚያች ልጅ ነገርኳት። መስማቷ ደካማ መሆኑን፣ ከፊት መቀመጧን፣ አንገቷን እየነቀነቀች ፈተና ላይ ባዶ ማስረከቧን፣ አባቷ የሰጠኝን ቀጠሮ። ስትሰማኝ ቆይታ አንድ ነገር ለመነችኝ። አንድ ክፍለ ጊዜ እኔ ክፍል ልትቀመጥ ፈለገች።

እኛ ጋ ሰው ክፍልህ ገብቶ የሚቀመጠው ሊገመግምህ ነው፤ ቦታውም ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር ነው። እሷ ግን ከፋርማሲ ጥጥ ገዝታ፣ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና፣ ከልጅቱ ጋር ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን የሰው ልጅ ጆሮ ነበር የማስተምረው። ሥዕሉን እንደ ወትሮዬ አሳምሬ ሳልኩት፤ እየሳልኩም አስረዳሁ። ደወል ሲደወል መተላለፊያው ላይ ጠበቅኋት።

"ምን አየሽ?"

ጥጡን አወጣች። "ጫማዎ ጥሩ ነው" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ፣ "ሲስሉ ነው የሚያስረዱት ጋሼ። ያኔ የማየው ጀርባዎን ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሆኖ ደግሞ ከኋላ ያሉት ልጆች ምን እንደመለሱ አይታወቅም።"

"ስዞርስ?"

መሬት መሬት ታያለች።

"ስዞርስ አልኩሽ?"

"እሱን ዕቅዱ ላይ እጽፈዋለሁ" አለችና ሄደች።

ሁለታችን የምናየው አንድ ዕቅድ ስለሆነ ፊት ለፊት ለመናገር ያፈረችውን እዚያ ጽፋ እኔ ሳነበው ልትሰርዘው አስባ ኖሯል። እኔ ግን ያንን ድረ ገጽ ብቻዬን ከፍቼ አላውቅም። ጨርሺውና ላኪው ብያት ቅዳሜና እሑዴን ተኛሁ። የምታውቀው እኔን እንደ አስተዋይ ሰው ነበርና አንብቤ የፈቀድኩ መስሏት ላከችው።

ሰኞ ጠዋት መምህራን ማረፊያው ሳቅ በሳቅ ሆኖ ደረስኩ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ "የሳምንቱ አርአያ ዕቅድ" የሚል ተለጥፏል። ምክትላችን ስምንት ገጽ ዕቅድ አይቶ ስለማያውቅ በርዝመቱ ተደንቆ፣ ሳያነብ ፈርሞ፣ ክብ ማኅተም መትቶ አስለጥፎታል። ስሜ ከላይ አለ። ተጠግቼ አነበብኩ።

"የሚያጋጥም እንቅፋት፦ የመምህሩ ሪዝ የላይኛውን ከንፈር ስለሚሸፍን ተማሪዋ የአፋቸውን እንቅስቃሴ ማየት አትችልም። መፍትሔ፦ ከመምህሩ ጋር በአክብሮት መነጋገር።"

የስፖርት መምህሩ ትከሻዬን መታ አድርጎ "እንኳን ደስ ያለህ፣ ሪዝህ ማኅተም ተመታበት" አለኝ።

ስለ ሪዜ ትንሽ ልናገር። ኮሌጅ ሳለሁ ያወጣሁት ነው። ጫፉን ሳፍተለትል ክፍል ጸጥ ይላል። ለሠርጌ ቀን እንኳ አልተነካም። ተማሪዎቼ አድገው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚያውቁት ስሜን ሳይሆን እሱን ነው። ስለዚህ ያን ቀን ተናደድኩ፤ ደሜ ፈላ። መምህርቷ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች።

"አፉ ይበሉኝ ጋሼ። እርስዎ ብቻ የሚያዩት መስሎኝ ነው።"

"ገበያ መሃል በማይክሮፎን ብታነቢው ይሻልሽ ነበር" አልኳት። ዕንባዋ ቅርር ሲል እያየሁ ትቻት ሄድኩ። ሁለት ቀን አላናገርኳትም። ሰላምታዋን እንኳ በአገጬ ነበር የምመልሰው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

በሦስተኛው ቀን የክፍል ሙከራ ወረቀት ሳርም የዚያች ተማሪዬ እጄ ገባ። ከዐሥሩ ጥያቄ ሁለቱን አግኝታለች። ያስገረመኝ ሁለቱ ከሁሉም ከባዶቹ መሆናቸው ነው፤ ጎበዞቹ እንኳ የሳቱት። አንዱ ቅጠል ስለሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ሌላው ስለ ሰበቃ ነበር። ከጎረቤቷ ገልብጣለች እንዳልል ጎረቤቷ ሁለቱንም ስታለች። ገልብጬ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ጠራኋትና ወረቀቱን አሳየኋት። ፊቴን ወደ እሷ አድርጌ ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

"እነዚህን ሁለቱን እንዴት አወቅሻቸው?"

አንገቷን ልትነቀንቅ ስትል "አይ፣ ንገሪኝ" አልኳት።

"እየሳቁ ነው የነገሩን" አለች። ከዚያ በጣቷ የራሷን አፍ አሳየችኝ። "ሲስቁ አፍዎ ይታያል።"

ቁጭ አልኩ። አስታወስኩት። ቅጠል ውኃ በትነት እንደሚያጣ ሳስተምር የጫት ነጋዴ ጫቱን በኮባ የሚጠቀልለው ለምን እንደሆነ ጠይቄ፣ ቅጠሉ ባላበው ቁጥር ነጋዴውንም ያልበዋል ብዬ ራሴ በራሴ ቀልድ ስቄ ነበር። ስለ ሰበቃ ስናወራ ደግሞ፣ ሰበቃ ባይኖር ከአቀበቱ የሚወርድ ባጃጅ የሚቆመው ሽንኩርት ሻጯ መደብ ላይ ነው ብዬ ክፍሉን አስቄያለሁ። ያቺ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ እግሬ ሥር ተቀምጣ ያገኘችው ትምህርት የሳቅኩባቸው ሁለት ደቂቃዎች ናቸው። ያገኘችውንም አልጣለችም፤ አንድ በአንድ ይዛዋለች። ሰነፍ ያልኳት ልጅ ናት። አፈርኩ። ዕድሜዬ አንሶ ተማሪ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ሄድኩ። ለዓመታት ሪዜን የሚያሳምርልኝ ሰው ነው። አንሣው ስለው መቀሱን አስቀምጦ "ለቅሶ አለብህ እንዴ?" አለኝ። የለብኝም አልኩት። ሦስት ጊዜ ጠይቆኝ ነው የላጨው። ቤት ስገባ ባለቤቴ በሩን ከፍታ አየት አደረገችኝና "ማን ልበል?" አለችኝ። መስታወት ውስጥ ያለው ሰው የላይኛው ከንፈሩ ቀጭን፣ ትንሽ ፈሪ የሚመስል ሰውዬ ነበር።

በማግስቱ ክፍሉ ሳቀ፤ እስኪበቃቸው ሳቁ፣ ተውኳቸው። መምህርቷን መተላለፊያው ላይ አገኘኋት። ስታየኝ በሒጃቧ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

"ጋሼ፣ መፍትሔው እኮ መነጋገር ብቻ ነበር።"

"ይኸው ተነጋገርን" አልኳት። "አንቺም አፉ በይኝ። ዛሬ ያንን ድረ ገጽሽን ክፈቺልኝ፣ እኔ ነኝ የምሞላው።"

ከዚያ ቀን በኋላ ዕቅድ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ ተማርኩ። ልጅቱ ከሰሌዳው ሥር ተነሥታ በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ እኔንም የልጆቹንም ፊት በምታይበት ቦታ ተቀመጠች። ሥዕሉን ከደወሉ በፊት ገብቼ እስለዋለሁ፤ ስናገር ጀርባዬን አልሰጥም። ከኋላ ልጅ ሲመልስ መልሱን ወደ እሷ ዞሬ እደግመዋለሁ። ድረ ገጹ እውቀቱን በሌላ መንገድ የሚያሳየው ማን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ አሰብኩ፣ ከዚያ ልጆቹ የልብን ሥራ በጭቃና በፕላስቲክ ቱቦ እንዲሠሩ አደረግኩ። ያን ቀን አማርኛ ሲናገር የሚንተባተበው ልጅ በኦሮምኛ እየቀላቀለ ደሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አስረዳን። ለአንዲት ልጅ ብዬ መድገሜ ለግማሹ ክፍል መጀመሪያ መስማት ሆኖለት ኖሯል። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲሄድ መምህርቷ ጥያቄዎቹን በእጇ ጽፋ ትሰጠኛለች። በኋላማ ወረቀት ሳልይዝም ራሴን እጠይቅ ጀመር። ማን ቀረ? ለምን ቀረ?

ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድ ቀን እንኳ እንዳስተማረችኝ አድርጋ አላወራችም። ሰው ሲጠይቃት "ጋሼ ናቸው ያዘጋጁት" ትላለች። ብዙ ጎበዝ መምህር አይቻለሁ፤ እንደ እሷ ያለ አላየሁም።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና መጣ። የልጅቱን ወረቀት ለብቻው አውጥቼ አስቀድሜ ላርመው ነበር፤ ፈራሁና ከመሃል ቀላቀልኩት። ተራው ሲደርስ እንደ ሌላው አረምኩት። ስልሳ ስምንት አግኝታለች። ቆጥሬ ደገምኩ። እስኪርቢቶዬን አስቀምጬ ወደ መምህርቷ ክፍል ሄድኩና በመስኮት ወረቀቱን አሳየኋት። ትምህርቷን አቋርጣ ወጣች፤ በሩ ላይ ቆማ "አልሐምዱሊላህ" አለችና ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

ካርድ የሚሰጥ ዕለት አባትየው ልጁን ይዞ መጣ። ማረፊያው በር ላይ ቆሞ እኔኑ "ባርሲሳው የት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ልጅቱ ሳቀችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አሳልፋ አሳየችው። ትኩር ብሎ አየኝ። ካርዱን ሰጠሁት። ቆሞ ረጅም ጊዜ አነበበው። ቦኬ ልልካት ነው ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሌላ ነገር ጀመረ።

"ቤት ስናወራ ክንዴን እየሳበች ፊትህን አዙር ትለኛለች" አለ። "ዕቃ እያሰርኩ፣ ጨርቅ እየቀደድኩ ነው ሁልጊዜ የማናግራት። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከጀርባዬ ስጠራት ኖሬ፣ አትታዘዝም እያልኩ ነበር።"

ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ከፊቷ ትክክል አደረገና፣ አፉን ከፍቶ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ሰኞ ትምህርት ቤት ትመጫለሽ። ቦኬ አትሄጂም።"

እኔም የማውቀውን ጠበቅኩ፤ አንገቷን እስክትነቀንቅ። አልነቀነቀችም።

"ሰማሁ አባባ" አለች።